ሰው ያለበት ቤት

ዶርተ የራሷን የቆሻሻ ከረጢት በጎረቤቷ በርሜል ውስጥ ልትጥል ክዳኑን ስታነሳ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ አንድ ነገር ኳ አለ። ቧንቧ መሰላት። እንደገና ኳ አለ።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ቪጎ ቅዳሜ በመርከብ ወደ ቦርንሆልም ደሴት፣ እህታቸው ዘንድ እንደሚሄዱ ነግረዋት ነበር። የሰፈሩ የጥበቃ ማኅበር መመሪያ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ሲሄድ ሌባ እንዳይገባ ቤቱን ሰው ያለበት አስመስሉ ይላል። ዶርተ ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ፣ በማታ ትምህርት ነው። ያንን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ማንም ሳያግዛት ጨርሳዋለች፤ ያለውንም ሁሉ ፈጽማለች። ፖስታቸውን በየጠዋቱ አነሳች። ቆሻሻዋን በበርሜላቸው ጣለች። መኪናዋን በግቢያቸው አቆመች። የልጇን ጭቃ የነካው ቦቲ ደጃፋቸው ላይ አኖረች።

በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ቪጎ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ግድግዳውን የሚመቱት በማንኪያ ነው።

ለክፉ ቀን ብለው በሰጧት ቁልፍ ከፍታ ገባች።

"አባባ ቪጎ፣ ይሰሙኛል?"

"አንቺን?" ከንፈራቸው ደርቋል። "በየቀኑ ነዋ የምሰማሽ። መኪናሽን፣ ክዳኑን። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እል ነበር።"

"የሄዱ መስሎኝ እኮ ነው፣ አባባ።"

"ሌባ እንኳ ቢመጣ ምን ነበር?" አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "እሱ ያገኘኝ ነበር።"

አምቡላንስ ወሰዳቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ይተርፋሉ ተባለ። ፖስታ አዳይዋ ብስክሌቷን ይዛ ቆማ ስታይ ነበር። ፖስታው ሲጠራቀም ብታይ ኖሮ ታንኳኳ እንደነበር ለዶርተ ነገረቻት። አነጋገሯ ወቀሳ አልነበረበትም።

"ግን መኪናው አለ፣ ቦቲው አለ" አለች። "ደህና ናቸው ብዬ አለፍኩ።"

ዶርተ ወደ መንገዱ ማዶ ዞራ አየች።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ባልና ሚስት የዚያን ዕለት ጠዋት ለእረፍት ሄደዋል። ቤቱንም አደራ ብለዋታል። ሲሄዱ በዓይኗ አይታለች፣ እጇንም አውለብልባላቸዋለች። ተሻግራ ሄደችና ደወሉን ተጫነች። መልስ የለም። ደግማ ተጫነች።

"ቤቶች" አለች። ከዚያ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆመች።