የጾም አውታር

ሴት ልጅ ስታገባ ሰካራም ወይም ቁማርተኛ እንዳይገጥማት ትሳላለች። እኔ ከሁለቱም ተርፌ ጊታር ሠሪ ገጠመኝ። ባሌ ታገኘ ደባርቅ ላይ የእጅ ሥራ መምህር ነው። በ1961 ዓ.ም. ክረምት ለሥልጠና ጎንደር ወርዶ ወታደሮች በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወቱ አየ፤ ከዚያ ወዲያ የቤቴ ዕቃ ሁሉ በዓይኑ ሌላ ሆነበት። እኔ ጃንጥላ ስል ለእሱ የሚታየው የጃንጥላው ሽቦ ነው።

የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ማግኔት ሊማሊሞ ገደል ሥር ከተገለበጠ የጣሊያን ካሚዮን ፈልቅቆ አወጣ። ቀጭኑን የመዳብ ሽቦም ከዚያው ነቅሎ አመጣና በእኔ የስፌት መኪና የክር መጠቅለያ ላይ አምስት ሺህ ዙር ሊጠቀልል ተቀመጠ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዋ እንጀራዬ ናት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ሽንኩርት አለቀ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቁጥሩ ጠፋበትና ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በጊታሩ አንገት ላይ አግድም የሚደረደሩትን ሽቦዎች ከጃንጥላዬ ቆርጦ ሠራቸው፤ ይህን ያወቅሁት ዝናብ ሲመጣ ነው። ክሩን የሚወጥሩትን ስድስት መቃኛዎች ያርጋል የሚባል የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪ አሳምሮ ሠራለት። የቀረው እንጨት ነበር፤ እንጨት ደግሞ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የሚኖሩት ዳባት ነው። ለዲያቆን ሊድሩኝ አስበው ሳለ ለአስኳላ መምህር መዳሬ አንሶ፣ ሙሽራው በሠርጋችን ዕለት ሸክላ አጫወተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጡም። እኔ ስሄድ ይስሙኛል፣ ይመርቁኛል፤ ቤቴን መቼ ያዩልኛል ስላቸው ግን ስለ ገብሱ ያወሩኛል። ይህ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እናቴ ከሞተች ወዲህ በገናቸውን ሰቅለዋል። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው አለ፣ እኔም ሐዘን ነው አልኩ፤ በገናውንም ምስጥ በላው። ከምድጃው በላይ ማገሩ ላይ ግን ለአዲስ በገና ያስቀመጡት የዋንዛ ሳንቃ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ጭስ ጠጥቶ እንደ አጥንት ደርቋል። ለእናቴ የሰባት ዓመት ተዝካር በሄድን ጊዜ ታገኘ ወደዚያ ሳንቃ ሲያንጋጥጥ እህል አልቀመሰም።

የአባቴ ጆሮ እየደከመ ነው። እሳቸው ግን ጆሮዬ ደህና ነው፣ የዘመኑ ሰው ነው የሚያንሾካሽከው ይላሉ። ታገኘ ጠጋ ብሎ፣ ሳንቃው ይሰጠኝ፣ ጊታር ልሠራበት አላቸው። የአባቴ ፊት በራ።

«አውታር?» አሉ። «ዐሥር አውታር?»

አውታር የበገና ክር ነው፤ በገና ዐሥር አውታር አለው። ጊታር ስድስት ነው። ስድስት ደግሞ በአባቴ ዘንድ የክራር ቁጥር ነው፣ ክራርም የመጠጥ ቤት ዕቃ። ታገኘ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። ይሁንና ባሌ አልዋሸም፤ ራሱን ብቻ ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። አባቴ ሳንቃውን በገዛ እጃቸው አውርደው፣ ጥላሸቱን በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡት። እኔ ማዕድ ቤት ነበርኩና የነገረኝ «ሰጡኝ» ብሎ ብቻ ነው።

ጊታሩ አምሮ ወጣ። ታገኘ ሽቦውን ከራዲዮናችን ጀርባ፣ ለሸክላ ማጫወቻ በተተወችው ቀዳዳ ሰካው፤ ራዲዮው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ መብራት አላስፈለገውም። መጀመሪያ ክሩ ሁሉ እንደ ንብ ቀፎ ይነዝር ነበር። ሁለት ወር ሞረደው፣ ከፍ ዝቅ አደረገው፣ ንዝረቱን አጠፋና ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። ወድጄለት ነበር፤ እንዳይኩራራ ብዬ አልነገርኩትም እንጂ።

በቅበላ ሳምንት ሐሙስ ዕለት የአውቶቡስ ረዳት ከዳባት መልእክት አመጣ። መሪጌታ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ለሑዳዴ እንዲሆናቸው አውታራቸውን ይወስዳሉ አለ። እኔ አባቴ ቤቴ ሊመጡልኝ ነው ብዬ እልል ስል ታገኘ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ራሱን መነቅነቁን የነገረኝ። የነቀነቅህ ዕለት አንገትህ በተቀጨ ብዬ ረገምኩት።

እውነቱን እንንገራቸው አለ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኋቸውን አባቴን ከደጃፌ የሚመልስ እውነት አልፈለግሁም። አራት ክር ጨምርበት አልኩት።

ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ ነውና፣ የብስክሌቱን የፍሬን ሽቦ ፈትቶ አራት ክር አወጣ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ አራት መቃኛ ሊያሠራ በዚያው ብስክሌት ወደ ያርጋል መንደር ቁልቁል ወረደ። ፍሬኑ ክር መሆኑን ያስታወሰው ቁልቁለቱ መካከል ላይ ነው። ያቆመው የሰው ገለባ ክምር ነበር። ክምሩን መልሶ ሲከምር ፀሐይ ጠለቀች፤ ሲደርስ የያርጋል ምድጃ ጠፍቷል።

«ሰንበት ገብቷል» አለው ያርጋል ደጁ ላይ ቆሞ። «እሑድ ና እንዳልልህ ያንተ ሰንበት ነው። ሰኞ ና።»

ሰኞ ሑዳዴ ይገባል። ታገኘ ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም ክር በሚስማር ቸነከራቸው። መቃኛ የላቸውምና ረግበው የጃንጥላዬ ሽቦ ላይ ተኙ፣ ሲነኩም ነዘሩ። ሁለት ወር ሙሉ የታገለው ንዝረት ተመልሶ መጣ። ባሌ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አባቴ በአራት ሰዓት አውቶቡስ መጡ። በራፌ ላይ ቆመው ቤቱን ባረኩ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ከባሌ እጅ አርቄ አስቀመጥኩት። ዶሮውን አቅርቤ ገና እጃቸውን ሳስታጥብ፣ መጀመሪያ አውታሩን አሉ።

ተቀብለው እንደ በገና አቁመው፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፉት። ክሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ዐሥር ሲሞላ ተመስገን አሉ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ቸኩዬ ኖሯል። በገና ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶ አለው፣ በሁለቱ መላእክት ስም ይጠራሉ።

«ሚካኤል ይኸው ቆሟል» አሉ አባቴ አንገቱን እየዳሰሱ። «ገብርኤልን የት አደረስከው?»

ታገኘ ላብ አጠመቀው። ሁለቱን አጣብቄያቸው ነው ብሎ ጆሯቸው ሥር ጮኸ። ገበቴውስ፣ ድምፁ የሚወጣበት፣ አሉ። ገበቴው ራዲዮው ነው አላቸው፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። ከዚያ ክሩን በጥፍራቸው ፈተሹ። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው።

«ይህ ብረት ነው» አሉ።

ባሌ ዓይኑን ራዲዮው ላይ ተከለ። እኔ ግን አባቴ ወደ ከዘራቸው ሲያዩ አየሁ።

«ለሑዳዴ ብሎ ነው አባዬ» አልኩ። «የጾም አውታር ነው።»

ክሩን እንደገና በጥፍራቸው ፈተሹት። ቀጥሎ ልክ ነው አሉ፤ የበግ አንጀት እየነካኩ መጾም እሳቸውንም ሲከነክናቸው መኖሩን ነገሩን። ጉጠት አስመጥተው አራቱን ሚስማሮች አንድ በአንድ እያጣመሙ በጣታቸው ስሜት ወጠሩና ደረደሩ። እኔና ታገኘ ሰማን። እሳቸው ግን ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጠፉ፣ እንደገና ደረደሩ፣ ሦስተኛ ደረደሩ። ፊታቸው ወደቀ።

«ይህም ዝም አለኝ» አሉ።

ያኔ ገባኝ። በገና ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ለደህና ጆሮም ቢሆን ጠጋ ማለት ይፈልጋል። አባቴ በገናቸውን የሰቀሉት ለእናቴ ሐዘን አልነበረም። አልሰማ ብሏቸው ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ልጃቸው አላወቅሁም። ራሴን ጠላሁት።

ታገኘን ራዲዮውን ክፈተው አልኩት። እስከ መጨረሻው ከፈተው። አባቴ ሲደረድሩ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቼ ከግቢ ወጡ፣ አራቱ የሚስማር ክሮች ቤቱን ሞልተው ነዘሩ። በበገና ላይ በየአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ሥራዋ ክሩን ማስነዘር ነው፣ ያለ እሷ በገና በገና አይባልም። ባሌ ሊያጠፋው ሁለት ወር የደከመበት ነገር አባቴ ሰባት ዓመት የናፈቁት ነበር።

«እንዚራው» አሉ አባቴ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። «እግዚአብሔር ድምፁን ከክሩ የወሰደው መስሎኝ ነበርኮ።»

እኔም አለቀስኩ። ታገኘ ግን አላስችል አለው፤ ተንበርክኮ አፉን ጆሯቸው ላይ አድርጎ ጮኸ።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይህ ጊታር ነው።»

«አዎን» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አውታሩስ ግሩም ነው።»

ሁለተኛ ለመናዘዝ ሲነሳ እግሩን ረገጥኩት።

እሑድ ቅበላውን አብረን በላን። አባቴ ሁለት ሌሊት ቤቴ አደሩና ሰኞ ጠዋት ጊታሩን፣ ራዲዮውንና ትርፍ ድንጋዩን ሁሉ ይዘው ሄዱ። አውቶቡሱ ላይ የጫነው ታገኘ ራሱ ነው። እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየውና፣ ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ በለው ብሎ ለረዳቱ ጮኸ፤ ረዳቱ ግን ሩቅ ነበር።

በሑዳዴ አራተኛ ሳምንት ከዳባት ደብዳቤ መጣልኝ። ሰው ደጃቸው ላይ ቆሞ እንደሚሰማ፣ ድንጋዩ ግን እንዳለቀ፣ ለፋሲካም እኛው ዘንድ መጥተው ሳምንት እንደሚቀመጡ ጽፈዋል። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከታች ለታገኘ የተጻፈ ነበር፦ «ልጄ ሆይ፣ አራቱ አውታሮች ድንቅ ናቸው። ስድስቱ ግን እንዚራ የላቸውም፣ ምንም አይረቡም። አውጥቼ ልኬልሃለሁ።»

ስድስቱ ክሮች ከነያርጋል መቃኛዎች በጨርቅ ተጠቅልለው መጥተዋል። ታገኘ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው። «ልጄ ነው ያሉኝ» አለ። ቀጥሎ ቀና ብሎ የእንግዳ ማደሪያዬን በር መመልከት ጀመረ። ዋንዛ ነው።

ከፋሲካ በፊት እንዳትነካው አልኩት፤ አባቴ የሚተኙት እዚያ ነው።