የበቅሎዋ ዓይን እንትፍ አለ

ድው! ድው! ድውድው!

ክሌዮፋስ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መሰለው። የመንደሩ የላ ሌቹሳ ደወል ግን ምላሱ ከወደቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀጥሎ ነጎድጓድ ነው አለ። ዝናብ ካየ ስምንት ወር ባለፈው በዚያ ቀይ በረሃ ነጎድጓድ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ወይ ገበሬ ነው፣ ወይ ፍቅር የያዘው። እሱ ገበሬ አልነበረም። ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተለቀለቀ፣ ምላጩን እንደያዘ ወደ ጓሮ በረረ።

አክስቱ ኤውፌሊያ ጓሮ ውስጥ በመኝታ ቀሚሷ ቆማ አንድ ትልቅ የብረት ሰሌዳ በመጥረጊያ እጀታ ትወቅጣለች። ዕድሜዋ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ክንዷ ግን አልሰማም። በግራ ብብቷ ቡናማ ዶሮ ሸጉጣለች።

"እንትፍ በል!" ድው! "እንትፍ በልባት ብያለሁ!" ድው!

"አክስቴ! የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!"

"የመንግሥት ዓይን ነው በል! ትናንት እኔ ለጸሎት ስሄድ፣ አንተ እዚያ ገደልህ ውስጥ ስትንከራተት፣ በመኪና መጥተው ተክለውት ሄዱ። ይህቺ ምስኪን ሲነጋጋ ወጥታ ፊት ለፊት ተፋጠጠችው። ይኸው እንቁላሏ ሆዷ ውስጥ ቀረ! ዓይን በልቷት ነው።"

በዚያም አገር ዓይን የበላው ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው። የበላው ዓይን ባለቤት ራሱ ውሃ በአፉ ይዞ እንትፍ ይልበታል፤ ያኔ ይለቀዋል። ሰሌዳ ደግሞ አፍ የለውም።

ክሌዮፋስ ዞሮ ሰሌዳውን ሲያየው ምላጩ ከእጁ ወደቀ። መሀል ላይ ሰፌድ የሚያህል ዓይን ተስሏል። ሽፋሽፍቱ ጣት ጣት ያህላል፤ ነጩ ላይ ቀያይ ጅማት ይርመሰመሳል። ከላይ በስፓኒሽ "ኦሆ ዴ ላ ሙላ" ይላል፤ ከታች በእንግሊዝኛ "የበቅሎዋ ዓይን"።

በእነሱ ቋንቋ ዓይንም ኦሆ ነው፣ ምንጭም ኦሆ ነው፤ የውሃ ዓይን እንደማለት። የጥንት ነጋዴዎች ቦታውን እንዲያ ሲጠሩት የበቅሎዋ ምንጭ ማለታቸው ነበር። ሰሌዳ ሠሪው የከተማ ሰው መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፣ አንደኛውን ትርጉም አነበበ፣ ወደ ሁለተኛው ሳይወርድ ቀለሙን በጠበጠ።

ክሌዮፋስ ለልቅሶ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

"ምን ያስገለፍጥሃል? ዶሮዬ ልትሞት ነው!" አለች ኤውፌሊያ፤ ብላም ሳትጨርስ እሷንም ሳቁ ያዛት። ሳቅ ይዟት እያለ ሰሌዳውን አንዴ ደገመችው። ድው!

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን በቀና። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነጋዴዎች በአሜሪካ ምድር ከሳንታ ፌ ከተማ ተነስተው፣ የሱፍ ብርድ ልብስ በበቅሎ ጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ይወርዱ ነበር። ሲመለሱ በቅሎ በመንጋ እየነዱ ነው። አሁን መንግሥት ያንን መንገድ ከነፋስና ከቡልዶዘር ለማትረፍ በየቦታው ምልክት እየተከለ፣ በካርታ እያሰፈረ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂው ክሌዮፋስ ደግሞ መንገዱ በመንደሩ በላ ሌቹሳ ማለፉን ለማሳየት፣ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት በእግሩ ሲኳትን ኖሯል። አለት ላይ የተፋቀ የሰኮና ፋና አገኘ። የዛገ ልጓም አገኘ። ከሰው ያገኘው ግን ቅጽል ስም ነው። ሱቅ ሲገባ "ካሊፎርኒያ፣ ደረስክ ወይ?" ይሉታል። ቄሱ ሳይቀሩ ሲናዘዝ ጠይቀውታል።

ጎረቤት መንደር ላ ኮሎራዳ ደግሞ "መንገዱ በኛ ነው" ትላለች። እዚያ ፕሪሚቲቮ የሚባል ባለ ምግብ ቤት በሩ ላይ ድንጋይ ከምሮ፣ ከድንጋዩ መሀል ሌት ተቀን የሚንፎለፎል "ጥንታዊ ምንጭ" አለው። ለክሌዮፋስ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ሰሌዳው ለጊዜው ላ ሌቹሳ ይተከላል፤ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መርማሪ ትመጣለች፤ ውሃ ካየች ሰሌዳው ይቆያል፣ ካላየች ተነቅሎ ላ ኮሎራዳ ይሄዳል። በቅሎ ውሃ በሌለበት አትሰፍርምና።

ቀኑ ሰኞ ነው። የላ ሌቹሳ ምንጭ የጠፋው የክሌዮፋስ አያት ጡት ሳይጥሉ ነው። እሱ ከጓሮው ሥር በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሰባት ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ሰባቱም አመድ። አክስቱ በሰባተኛው ዱባ ብትዘራ ዱባውም እምቢ ብሏል።

መርማሪዋ ሚስ ትሬድዌል ልክ በአራት ሰዓት ደረሰች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣዋን ከአገጯ በክር ያሰረች። በእጇ ርቀት የሚለካ መንኮራኩር ትገፋለች፤ ትክ ትክ ትክ ይላል። ኤውፌሊያ የወጥ ቤት ሽርጧን ሰሌዳው ላይ አስራ ጠበቀቻት።

"ይህ ለምን ተሸፈነ?"

"ተኝቷል" አለች ኤውፌሊያ።

ሚስ ትሬድዌል የሽርጡን ጫፍ አነሳች። አየች። ቀስ ብላ መለሰችው። ጆሮዎቿ እንደ ደረቀ በርበሬ ቀሉ።

"ይሄ... ይስተካከላል።"

"ከመስተካከሉ በፊት ዶሮዬ ላይ እንትፍ ይበልልኝ፣ ልጄ።"

"ምን ይበል?"

"እመቤት፣ በዚህ በኩል!" አለ ክሌዮፋስ ፈጠን ብሎ። የሰኮናውን ፋና አሳያት፤ ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችው። ልጓሙን አሳያት፤ ዓይኗ በራ።

"ግሩም ነው። ውሃው የት ነው?"

አንደኛውን ጉድጓድ አሳያት። ሁለተኛውን አሳያት። "ሦስተኛው ለጥላ ይመቻል" አለች ኤውፌሊያ ከኋላ እየተከተለች። ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ ሚስ ትሬድዌል እስክሪብቶዋን አወጣች። ፊቷ የሞት መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ፊት ሆነ።

"ትናንት ላ ኮሎራዳ ነበርኩ። እዚያ ውሃ ይፈስሳል።"

"ቧንቧ እኮ ነው!" አለ ክሌዮፋስ።

"ቧንቧ አላየሁም።"

"የተቀበረ ነገር መቼ ይታያል?" ኤውፌሊያ መጥረጊያዋን ተመርኩዛ ቀረበች። "ባሌም ተቀብሯል። አላየሽውም። ግን እዚያው አለ፣ የትም አልሄደም።"

ሚስ ትሬድዌል ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ኀዘን አልለየም። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሊነካ የጸጉር ያህል ቀረው። ክሌዮፋስ ዘጠኝ ዓመቱ ተነቅሎ፣ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ወደ ፕሪሚቲቮ ምግብ ቤት ሲሄድ በዓይኑ ታየው።

ያኔ ነው ከመታጠፊያው ወዲያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ሰኮና የተሰማው።

ናሳሪያ ናት። ማገዶ በበቅሎ እየጫነች የምትሸጥ፣ ቀን ሙሉ አሥር ቃል የማትናገር፣ የፕሪሚቲቮ የእናቱ ልጅ። የምትስባት በቅሎ በሸለቆው የቀረች የመጨረሻዋ በቅሎ ናት፤ ስሟ ጳጳሷ ይባላል፣ ዝግ ብላ ስለምትራመድና ሁሉም መንገድ ስለሚለቅላት። ክሌዮፋስ አውቶቡሱን ሲነዳ ከፊቱ ካገኛቸው ጥሩምባ አይነፋም። በቅሎዋ እንዳትደነግጥ ነው ይላል። አንዴ እንዲያው ሦስት ኪሎ ሜትር ከኋላቸው በዝግታ ተከትሎ ተማሪዎቹን አስረፍዷል።

አሁን ግን ግማሽ ጉንጩ ላይ የደረቀውን ሳሙና አስታወሰ። ሚስ ትሬድዌል ይህን ሁሉ ጊዜ በጨዋነት ዝም ብላዋለች።

"እንዴት አደርሽ፣ ናሳሪያ?" አለ በእጁ ጉንጩን ሸፍኖ። "ምን እግር ጣለሽ?"

"በቅሎዬ ጠምቷታል።"

ኤውፌሊያ ጆሮዋን አቀናች። "ከላ ኮሎራዳ ነው የመጣሽው?"

"ከዚያው።"

"ከጥንታዊው ምንጭ ሥር?"

"ከሥሩ።"

"ታዲያ ከውሃ አገር ወደ ድርቅ አገር ውሃ ፍለጋ?"

"አትጠጣውም" አለች ናሳሪያ። "የመዋኛ ገንዳ መድኃኒት ይሸታታል።"

የሚስ ትሬድዌል እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ነፋስ መጣ፤ ኤውፌሊያ ጓሮው ላይ ያሰረችው ሽርጥ ተፈትቶ እንደ አሞራ በረረ። ጳጳሷ ቀና ስትል ከዚያ ሰፌድ ከሚያህል ዓይን ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመች። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ያን ቀን ግን የአባቷ ልጅ ሆና እንደ አህያ አናፋች። ከዚያ ሃያ ዓመት ጠብቃ የኖረችውን ጵጵስና ጥላ ፈረጠጠች። ናሳሪያ ገመዱን አልለቀቀችም። ክሌዮፋስ ናሳሪያን ተከተለ። ሚስ ትሬድዌል መንኮራኩሯን እየገፋች ክሌዮፋስን ተከተለች፤ ትክትክትክትክትክ! ኤውፌሊያ ዶሮዋን ይዛ ሁሉንም ተከተለች።

ሰባቱን ጉድጓድ ዘለሉ። በቅሎዋ የቆመችው ወንዙ እንደ ክርን ከሚታጠፍበት ሥር፣ የኤውፌሊያ ሟች ባል ትቶት የሄደው የዛገ መኪና ጋ ነው። አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች። ሁለቴ አሸተተች። ቀጥላ በፊት እግሯ መሬቱን ትጭር ጀመር።

"የባሌን መኪና እንዳትነካ!"

"አክስቴ" አለ ክሌዮፋስ፤ ድምፁ ቀጠነ። "እዚህ ሣር አለ። ለምን ሣር አለ?"

"መኪናው ውሃ ያፈስሳላ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቆመ ጀምሮ። ሠላሳ ዓመት።"

ሠላሳ ዓመት የሚያፈስ መኪና! ኤውፌሊያም የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ተዋት" አለች ናሳሪያ። "ታውቃለች።"

ጳጳሷ ጫረች። አሸዋው ነጭ ነበር፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። ክሌዮፋስ በደረቱ ተጋድሞ በሁለት እጁ ይዝቅ ጀመር። ሚስ ትሬድዌል ወረቀቶቿን በጥርሷ ነክሳ በማስደገፊያ ሰሌዳዋ ትምሳለች። ክንድ ያህል ሲወርዱ ደረቅ ሸክላ ገጠማቸው። በቅሎዋ ሁለቱን ሰው ዘወር በሉ እንደማለት በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ሰኮናዋን አንዴ ጣለችበት።

እንትፍ!

ምድሪቱ አፍ ሙሉ ጭቃ ውሃ ክሌዮፋስ ፊት ላይ ተፋች። ሁለተኛውን ሚስ ትሬድዌል መነጽር ላይ። ሦስተኛው ጠራ ብሎ መጣና ወርዶ በአሸዋው ላይ ተንሸራሸረ።

ከዚያ ኤውፌሊያ ጮኸች፤ "እንትፍ አለ! ዓይኑ እንትፍ አለ! ዶሮዬን!" ዶሮዋ እኮ ብብቷ ሥር ነበረች። ጎትታ አወጣቻትና ከውሃው በእፍኟ ረጨቻት። ዶሮዋ በንዴት ተርገፍግፋ አመለጠችና መኪናው ሥር ገባች። ክሌዮፋስ ተከትሎ ቢጎነበስ አሥራ አንድ እንቁላል ተደርድሮ አገኘ።

"አክስቴ፣ ዓይን የበላት ዶሮሽ እዚህ ደብቃ ስትጥልብሽ ኖራለች።"

"ዝም በል። ድናለች።"

ያኔ የሳቁ ግድብ ተናደ። ሚስ ትሬድዌል የባርኔጣዋን ክር ፈትታ፣ በጭቃ መነጽሯ፣ እግሯን ዘርግታ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብላ ትስቃለች። እየሳቀች የረጠበውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች።

"ምን ብለው ጻፉ?" አለ ክሌዮፋስ።

"ውሃ አለ።"

"እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ውሃ አለ። መንገዱ በዚህ ነው።"

"አንዴ ብቻ!"

"መንገዱ በዚህ ነው፣ ሰውዬ! ሰሌዳውን ግን አስነቅዬ አስተካክዬ—"

"ምን? ምን አልሽ?" ኤውፌሊያ መጥረጊያዋን አነሳች። "እንትፍ ብሎ የፈወሰ ዓይን አይነቀልም! ሞክሪና እዪ!"

ሚስ ትሬድዌል መጥረጊያውን አይታ ሁለተኛ መስመር ጨመረች፤ ሰሌዳው እንዳለ ይቆይ።

ጳጳሷ በዚህ ሁሉ መሀል ትጠጣለች። ረጅም ጊዜ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ስትጨርስ ናሳሪያ በባርኔጣዋ ቀድታ እሷም ጠጣች። የተረፈውን ውሃ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ፣ ክሌዮፋስ ጉንጭ ላይ የቀረውን ሳሙና ጠረገችለት። አንዴ ብቻ። ከዚያ በቅሎዋ ላይ ወጣች።

ክሌዮፋስ ለወንድሟ ምን ልትለው እንደሆነ ሊጠይቃት አሰበ። ሰሌዳውን ያስቀረችበት እሷ ናት። ቤቷ በምሥራቅ ነው። ናሳሪያ ግን የበቅሎዋን አንገት ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ ወደ ካሊፎርኒያ ወደሚወርድበት አዞረች።

"ናሳሪያ! ቤትሽ እኮ በወዲያ ነው!"

ባርኔጣዋን አስተካከለች።

"ወዴት ነው?" አለ ደግሞ፣ ከውሃው ውስጥ እየተነሳ።

አልዞረችም። የበቅሎዋ ሰኮና ጥንታዊዎቹ ሰኮናዎች ባጎደጎዱት አለት ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ሄደ፤ ሁለቱም ከቀዩ ገደል ጀርባ ታጠፉ።