በምካንዳ ጭቃ ላይ

የሩኪያ እናት ላሙ ከተማ ውስጥ ጎህ ሲቀድ አረፈች። በደኅናው ጊዜ ሁሉ “ባሕር ማዶ ፋዛ ወስዳችሁ ከአባታችሁ ጎን ካልቀበራችሁኝ አፉ አልላችሁም” ትል ስለነበር የት ትቀበር ብሎ የተከራከረ የለም። ያስቸገረው ውሃው ነው። ጀናዛው ታጥቦና ተከፍኖ ወደብ ሲወርድ ባሕሩ ሞልቶ አብቅቶ መሸሽ ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው ባለጀልባ ሙዜ ብዋናሄሪ ሽርጣቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል።

“ምካንዳ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ላይ ያስቀምጠናል” አሉ። “ውሃው እስኪመለስ እንጠብቅ።”

“እስኪመለስማ ይመሻል!” አለ ፋማው፣ የሩኪያ ታናሽ ወንድም። “ጀናዛ አሳድረን የአገር መሳቂያ እንሁን? ድሮ ዓይንዎን ጨፍነው ያልፉት ነበር ይባላል፤ እርጅና ፈሪ አደረገዎ እንዴ?”

“ፈሪ ባልሆንማ መች አረጅ ነበር?”

ሩኪያ ታላቅ ናት፤ ጠብቁ ብትል ሁለቱም ይሰሟት ነበር። ግን የእናቷ ቃል ጆሮዋ ላይ አቃጨለና “እንሂድ፤ አላህ ያውቃል” አለች።

ምካንዳ በማንዳ ደሴትና በየብሱ መካከል የሚያልፍ ጠባብ የውሃ መንገድ ነው። ገና ሲገቡ ሩኪያን አንድ ነገር ከበዳት። ወትሮ ውሃ ውስጥ የሚውሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥሮች ራቁታቸውን ቆመዋል። ሸርጣን ሲለቅሙ የሚውሉት ወፎች አንድም የሉም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ የከረመው የደቡብ ነፋስም ድንገት ጸጥ አለ። ሙዜ ሞተሩን አጥፍተው በረጅም እንጨት እየገፉ ትንሽ እንደሄዱ የጀልባዋ ሆድ ጭቃውን ላሰ፤ ከዚያ ቆመች። ሦስቱም ቢገፉ፣ ቢያነቃንቁ፣ ወይ ፍንክች።

በስተደቡብ ሰማዩ ከሰል መስሏል።

በዚህ መሃል ከፊት ለፊት የሞተር ድምፅ ተሰማ። የፋዛው ጀልባ ነጂ ላሊ ነው፤ በቀላሏ ፈጣን ጀልባው በቀረችው ቀጭን ውሃ እየተመለሰ።

“ወደፊት ደርቋል፤ እኔንም አላሳለፈኝም!” አለ። “በማንዳ ጀርባ፣ በውጭ ባሕር ልዞር ነው።”

“ሰማዩን አይተኸዋል?” አሉ ሙዜ።

“እሱ ሳይደርስ እኔ ፋዛ ሻይ እየጠጣሁ ነው!”

ፋማው ተነሳ። “እትዬ፣ እማን ወደሱ እናሻግራት።”

ሩኪያ ቃሬዛው ላይ እጇን ጫነች። “እማ እንደ ዓሣ ቅርጫት ከጀልባ ጀልባ አትወረወርም።”

“እንግዲያው እኔ ልቅደም። ስልክ እዚህ አይሠራም። ሰዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ቆመዋል፤ ሰምጠው ነው ይላሉ።”

“ተቀመጥ ልጄ” አሉ ሙዜ። “ጭቃ ሰው አይበላም።”

ፋማው ግን ሱሪውን ሰብስቦ ወርዶ ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው ላሊ ጀልባ ላይ ወጣ። “ጀልባዋ ሥር ሳታወጣ ድረሺ እትዬ!” ብሎ ሳቀባት። አትሂድ ልትለው አሰበች፤ ግን ዞራ የእናቷን ከፈን አስተካከለች።

ዝናቡ እንደ ግድግዳ መጣ። ሙዜ የሸራውን ጫፍ ጀናዛው ላይ ጎተቱ፤ ሩኪያ ነፋሱ እንዳይገልጠው ተደፋችበት። ዛፎቹ እስከ ጭቃው ጎበጡ። ጀልባዋ ግን አልተነቃነቀችም፤ ጭቃው ጨምድዶ ይዟታል። ከማንዳ ባሻገር የውጩ ባሕር ሲያገሳ ይሰማል።

“ሙዜ፣ ደርሰው ይሆን?”

ሽማግሌው የጠበቀውን ገመድ እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ።

ዝናቡ አባርቶ ውሃው ተመለሰ፤ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ አነሳት። ፋዛ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ወንዶቹ በዝናብ ርሰው ዳርቻው ላይ ቆመዋል። አጎቷ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባዋን ያዙ፤ ውስጧን አዩና፣

“ፋማውስ?” አሉ።

“ቀድሞን አልመጣም?”

አጎቷ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። “የመግሪብ ሶላት ደረሰ፤ እንጠብቀው ወይስ...”

“ቅበሯት” አለች ሩኪያ።

ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ሴቶቹ እጇን ይዘው ወደ ቤት ቢጎትቷት እምቢ ብላ ዳርቻው ላይ ቀረች። ሙዜ ሁለት ጎልማሶች ይዘው ለፍለጋ ሞተራቸውን አስነሱ፤ ሲጨልም ባዷቸውን ተመለሱ።

በማግስቱ የላሊ ጀልባ ከማንዳ ውጭ፣ አለቱ ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ላሊን የነዳጅ ጀሪካን እንዳቀፈ ዓሣ አጥማጆች አወጡት፤ ዓይኑ ይንከራተታል እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም። ፋማው አልተገኘም።

ለቅሶው ቤት ሞላ። የገባው ሁሉ ሩኪያን ስለ እናቷ አጽናናት፤ የወንድሟን ስም የጠራ ግን አልነበረም። እሷም ራሷ አልጠራችውም።