ጀርባዬን ለኦቨኑ ሰጥቼ

ሰውዬው በአስር ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩን አንኳኳ። ሆን ብሎ ነው። ዳቦ ቤቱ ውስጥም እንዲሁ ነበር፤ ሳይታሰብ ከተፍ ብሎ ማን ምን ሲሠራ እንደሚያገኝ ማየት ይወዳል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ትልቁ ምድጃ አፍ ላይ ቆሜ ስጋግርለት ስለኖርኩ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «አንቱ» ነው የምለው፤ በሆዴ ግን «እሱ» ነው።

ታላቅ እህቴ እትዬ ሻሿን እያስተካከለች ልትከፍት ስትሄድ ዞር ብላ አየችኝ። አይዞህ አላለችኝም፤ እሷም ፈርታለች።

«አንዱ መጣ፣ ሁለቱ አውጣ» ብቻ አለችኝ በሹክሹክታ።

ስለ ሳል ነው የምታወራው። አንድ ጊዜ ካሳለች የብስኩቱ ሽታ መጥቷል ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ካሳለች ደርሷል፣ ይውጣ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስንለማመደው ነው የከረምነው። ምክንያቱም እኔ አይሸተኝም። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ትኩሳት አስር ቀን አልጋ ላይ ጣለኝ። ስነሳ ሳሙናውም ሽንኩርቱም አንድ ሆኖ ጠበቀኝ። ይመለሳል እያልኩ ብቆይ፣ በዚያው ቀረ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይሆናል። እኔ ግን ዳቦ ቤት ውስጥ ስሜ «አፍንጫው» ነበር። ሰዓት አላይም ነበር። ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ ከልጆቹ ጋር እየቀለድኩ ድንገት «አውጡ» ስል ያወጣሉ፤ ዳቦው ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ሰው ከሌላ ዳቦ ቤት ሊያየኝ ይመጣ ነበር።

ከትኩሳቱ ተነስቼ ሥራ ስገባ ለማንም አልተነፈስኩም። በአምስተኛው ቀን አንድ ምድጃ ሙሉ ዳቦ ከሰል ሆኖ ወጣ። ጭሱ በጭስ ማውጫው ሽቅብ ስለሚሄድ ዓይኔ አላየም፤ አፍንጫዬ ደግሞ ሞቷል። ሰውዬው መጣ፣ ትሪውን አየ፣ አስራ ሁለት ሰው በቆመበት «ተኝተህ ነው» አለኝ። ምን ሆንክ አላለኝም። አሞህ ነበር እንዴ አላለኝም። እኔም ዝም አልኩ፤ የተኛ ሰው ይነቃል፣ የማይሸተው ጋጋሪ ግን ምን ይባላል ብዬ። በዚያው ቀን አሰናበተኝ። ሽርጤን አጣጥፌ ገና ከግቢው ሳልወጣ ቀልዱ ቀድሞኝ በር ላይ ደርሷል፤ «አፍንጫው አንኮራፋ» ይሉኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስኳር ልገዛ ሱቅ በሄድኩ ቁጥር «ዛሬስ አላንኮራፋህም?» የሚለኝ አላጣሁም።

አሁን ሰውዬው ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ሻይ ቤት ሊከፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ለሻይ የሚሆን ቀለል ያለ፣ የቤት እጅ ያለበት ነገር ይፈልጋል፤ ደረቅ ብስኩት፣ የሎሚ ኬክ፣ እንዲህ ያለ። እትዬ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ጉልበቷ አልቋል፤ ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ካገኘች ሌላ አትፈልግም። መልእክት ላከችበት። መጥቼ እቀምሳለሁ አለ። የሚጋግረው ወንድምሽ ከሆነና እጁ ካልጠፋ፣ በሱ ቦታ ያስገባሁት ሰው ስለለቀቀ ትልቁን ምድጃ እመልስለታለሁ ብሎም ላከ።

እኔ የፈለግኩት ምድጃውን ብቻ አልነበረም። በዚያ በር ገብቼ፣ የሳቁብኝ ሰዎች ፊት እጄን ዱቄት ውስጥ መክተት ነበር የፈለግኩት።

ሰውዬው ገባ። አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ አፍንጫው ቲማቲም መስሏል።

«ጉንፋን ጨረሰኝ» አለ። «በሩንም መስኮቱንም ዝጉልኝ፣ ነፋስ አልችልም።»

ብሎ ሳል ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ። የእትዬና የኔ ዓይን ተጋጨ። ሳምንት ሙሉ የደከምንበት ነገር እዚያው በር ላይ ፈረሰ።

ኩሽናችን ሦስት እርምጃ ነው። መስኮቱ ስር የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ከሱ ቀጥሎ አሮጌው ኦቨን፤ አንዱ ማዞሪያው ስለተሰበረ በፒንሳ ነው የሚዞረው። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ንጹህ ፕላስቲክ አንጥፋ ጠዋት የጋገርነውን ደርድራለች። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችለት። ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ አየው፣ ጎረሰው።

«ጣዕሙ እንኳን አይታወቀኝም፣ ምላሴ እንጨት ሆኗል» አለ። «ግን ሻይ ውስጥ አልፈረሰም። ይሄ ጥሩ ነው።»

ከሱ አፍ ይሄ ብዙ ነው። እትዬ ፊቷ በራ። እሱ ግን ዓይኑን ከኦቨኑ በላይ ግድግዳ ላይ ተክሎ ቀረ። ሰዓቱን አይቷል።

«አፍንጫው ሰዓት ማየት ጀመረ?»

ተነሳና ሰዓቱን ከምስማሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኛው። ከዚያ አንድ ትሪ እዚሁ ፊቱ እንድጋግርለት ነገረኝ፤ እንደ ድሮው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። የሱ አፍንጫ ስለተዘጋ ዛሬ በኔ አፍንጫ ነው የሚያሸተው። ሰዓት እያየ የሚጋግርማ ከመንገድም ይገኛል አለ።

ሊጡ ዝግጁ ነበር። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ዳመጥኩትና በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥኩ ትሪው ላይ መደርደር ጀመርኩ። እትዬ ብርጭቆ እያጠበች ከፍርሃቷ ብዛት ገና ሳይጀመር አንድ ጊዜ አሳለች።

«ጉንፋኑ ተላለፈብሽ እኮ» አለ ሰውዬው። ቀጥሎም ለጉሮሮው ሎሚ ቢያገኝ ደስ እንደሚለው ነገራት።

ሎሚው ኬኩ ውስጥ ገብቶ አልቋል። እንግዳ ሎሚ ብሎ አፉን ከፍቶ እንዴት የለም ይባላል። እትዬ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። ሱቁ መንገዱ ጫፍ ላይ ነው። በሷ ጉልበት ደርሶ መልስ ሃያ ደቂቃ። ብስኩቱ የሚፈልገው አስራ አራት ነው።

ትሪውን አስገባሁ። ሰውዬው ላረጋግጥ ብሎ ኦቨኑን መልሶ ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየና የዳቦ ቤቱን የብረት በር እንደሚዘጋው አድርጎ በኃይል ወረወረው።

«በል ዙር።»

ዞርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ለኦቨኑ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ በሆዴ መቁጠር ያዝኩ። ስልሳ በሞላ ቁጥር አንድ ጣት አጥፋለሁ። ሰውዬው ከኋላዬ ተቀምጦ ስለ ሻይ ቤቱ ያወራል፤ መጋረጃው ምን ቀለም እንደሆነ፣ ወንበሩ ስንት እንደሆነ። እንዳላደምጠው እየታገልኩ እቆጥራለሁ። በመሃል «መጣልህ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። በስድስተኛው ጣት ላይ የሆነ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አንድ ነገር ጎድሏል፣ ግን ምን? ቁጥሩ ሊጠፋብኝ ሲል ያዝኩት።

ሰባተኛውን ጣት አጠፍኩ። «አሁንስ?» አለኝ። «ትንሽ ይቀረዋል» አልኩት። ስምንተኛውን አጠፍኩ።

«ሻዬ ቀዘቀዘ። ፔርሙዙም ባዶ ነው» አለ። «አንተ እንዳትዞር፣ እኔ ራሴ አሞቃለሁ።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ማንቆርቆሪያው ኦቨኑ አናት ላይ ባለው ምድጃ ኮሽ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ የክብሪት ሳጥን ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ኦቨኑ አያጉረመርምም። እሳት ሲኖረው ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስላል፤ እም እያለ ነው የሚሠራው። አፍንጫዬ ከሞተ ወዲህ ጆሮዬ ያንን ነው የሚጠብቀው። አሁን ያ ድምፅ የለም። ያለው ስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ሰውዬው የኦቨኑን በር ሲወረውረው እሳቱ ጠፍቷል፤ ጋዙ ግን እየፈሰሰ ነው፤ የቤቱ በርም መስኮቱም ዝግ ነው።

ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ዞሬ እጁን ያዝኩት። ክብሪቱ ሳጥኑ ላይ አርፏል። ጣቱን ከነክብሪቱ ጨምቄ ስጠመዝዝ እንጨቷ እጄ ውስጥ ተሰበረች። እሱ አበድክ ወይ እያለ ሲጮህ ጋዙን በፒንሳ ዘጋሁ፣ መስኮቱን በርግጄ ከፈትኩ፣ ሻርፑን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ግቢው አወጣሁት።

«ጋዝ ነው?» አለኝ ደጅ ላይ።

«ጋዝ ነው።»

የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ሊጥ መስሏል። እጁን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ ሳቅ ጀመረ፤ ከሞት የተረፈ ሰው የሚስቀውን ሳቅ።

«አፍንጫው!» አለ። «ጀርባህን ሰጥተህ! ሰኞ ና። ምድጃው ያንተ ነው።»

አፌን ዘግቼ ብቆም ኖሮ ሰኞ በዚያ በር እገባ ነበር። ልዘጋውም ነበር። በልቤ ሽርጤን አጥልቄ፣ የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ስማኝ፣ እኔ እኮ አንዳንዴ ይቆጨኝ ነበር» አለኝ። «ምናልባት አልተኛም ይሆን፣ ምናልባት አሞት ይሆን እያልኩ። አሁን ልቤ አረፈ። ይሄን አፍንጫ ይዞ ዳቦ ሲቃጠል የማይሸተው የተኛ ሰው ብቻ ነው። ይሁን፣ ምሬሃለሁ።»

ምሬሃለሁ። ያልተኛሁትን እንቅልፍ ነው የማረኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አይሸተኝም» አልኩት።

አልገባውም።

«ጋዙም አልሸተተኝም። በጆሮዬ ነው ያወቅኩት። ያን ቀንም ነቅቼ ነበር፣ ምድጃው ፊት ቆሜ ነበር። ትኩሳቱ አፍንጫዬን ወስዶት ነው። ምሕረትዎን ለተኛ ሰው ያድርጉት።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቁኝ እንዴ?»

ሻርፑን እየነካካ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በዚህ መሃል እትዬ ሎሚዎቿን በነጠላዋ ቋጥራ እያነከሰች ደረሰች። ግቢው በር ላይ አየሩን ሳብ አድርጋ፣ ሎሚዎቹን ለቀቀቻቸው። ምን እንደሆነ እስክነግራት ድረስ ሎሚው በግቢው ይንከባለል ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ለሰውዬው ያልኩትንም ጭምር። እትዬ አልተቆጣችም፤ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሽ ጀመር። ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ደጅ ቆየን። ሰውዬው ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። የመጀመሪያው ትሪ ቅቤው ወጥቶ ተበላሽቷል፣ ደፋሁት። ኦቨኑን በረጅም እንጨት ጫፍ፣ ፈንጠር ብዬ ለኮስኩት። ከቀረው ሊጥ ሌላ ትሪ ሠርቼ አስገባሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ብቻዬን ስጋግር እንደ ልማዴ በርጩማ ስቤ፣ ጆሮዬን ወደ ኦቨኑ በር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። የምደብቀው ነገር አልነበረኝም።

«ምን ትሰማለህ?» አለኝ።

ቅቤው ትሪው ላይ ሲንጫጫ ገና ነው፣ ጫጫታው እየሳሳ ሄዶ ዝም ሲል ደርሷል አልኩት። ጎንበስ አለ። ትንፋሹን እስክሰማ ድረስ ተጠግቶ ጆሮውን ደገነ።

«ምንም አይሰማኝም።»

«ጉንፋን ነው» አልኩት።

እትዬ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ቅቤው ዝም ሲል አወጣሁ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ቀለም ነበር። ሰውዬው ሁለት በላ፣ ሎሚ የተጨመረበት ትኩስ ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ እትዬ አዙሮ ሥራ አወራ። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ትሪ ብስኩትና አንድ ኬክ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት። እትዬ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ ትላለች። ሰውዬው እኔን አላየኝም። ሊወጣ ሲል ብቻ፣ ትልቁ ምድጃ ጋ ያለው የሊጥ ማሽን ጩኸቱ የራስን ድምፅ እንኳን እንደማያሰማ ነገረኝ፤ እዚያ በጆሮ አይጋገርም ማለቱ ነው።

«አውቃለሁ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼዋለሁ» አልኩት።

እስከ በሩ ሸኘሁት። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

«ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፣ ነቅቶ ነበር እላቸዋለሁ» አለ።

«አንኮራፋ የሚለውን መጀመሪያ ላወጣው ሰው ይንገሩልኝ።»

ሻርፑን አንድ ዙር ጠመጠመ፣ ደግሞ አንድ ዙር።

«እሱማ አሁን ሰምቷል» አለና ወጣ።

ከኋላው በሩን ዘጋሁ፤ ቀስ ብዬ። እትዬ የተረፈውን ሊጥ ኦቨን አስገብታ ነበር፤ እሳቱ እም ይላል።