ለሕፃናት የተፈጠረች

ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዶክተር አንተነህ የሕፃናት ክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ ተለማማጅ ሐኪሟን ፀደንያን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

"የኔአለም ነገን አትውልም" አላት። "ልቧ ደክሟል፤ ኦክስጅኑም አልያዘላትም። አባቷን ንገሪው፣ እናቷን ያምጣ።"

"እኔ?"

"አንቺን ያምንሻል።"

እውነቱን ነበር። የአምስት ዓመቷ የኔአለም መርፌ የምትወጋው የፀደንያን ጣት ይዛ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ አብረዋት የሚማሩት ተመራቂዎች ሙያውን በየጠባያቸው ከተከፋፈሉት ቆይተዋል፤ ቀዶ ጥገና ለደረቅ፣ የአእምሮ ሕክምና ለዝምተኛ ይላሉ። በእሷ ላይ ክርክር አልነበረም። ጓደኛዋ አብይ "ይቺ ቅቤ ከሕፃናት ሌላ የት ልትቀባ ነው?" እያለ ያስቃቸው ነበር። እሷም ትስቃለች።

አባትየው አማረ ልጁን ይዞ ከአምበር ከመጣ አራት ቀኑ ነው። ሲያያት ከአልጋው ጠርዝ ተነሣ። ሚስቱ የብርጓል ከወለደች ገና ዘጠኝ ቀኗ እንደሆነ፣ እናቱ አራስ ከቤት አትወጣም እንዳሉ፣ እሷ ግን ልምጣ እያለች በስልክ እንደምታለቅስ ነገራት።

"ዶክተር፣ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ አይደብቁኝ። ክፉ ከሆነ እናቴንም ተጣልቼ አሁኑኑ አመጣታለሁ። ደኅና ከሆነ ትተኛ፣ ብርዱ አይምታት። የቱን ላድርግ?"

ፀደንያ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር የገባችው። ዓይኑን ስታይ ጠፋባት።

"ትተኛ" አለችው። "ነገ ይሻላታል።"

አማረ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ደጅ ወጥቶ ለሚስቱ ሲደውል፣ ሲስቅም፣ በመስኮቱ ሰማችው። ዶክተር አንተነህ ነገርሽው ወይ ብሎ ሲጠይቃት ነግሬዋለሁ አለችው።

የኔአለም በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞተች። ድምፅዋ እስኪዘጋ እናቷን ትጠራ ነበር። አማረ በጋቢው ጠቅልሎ ታቅፏት ሲወጣ ፀደንያ በሩ አጠገብ ቆማለች።

"እናቷን ምን ልበላት?" አላት። "ትተኛ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ፀደንያ የብርጓል ለቀብሩም ከአራስ ቤት እንድትወጣ እንዳልተፈቀደላት በኋላ ሰማች።

በሳምንቱ መምህራኑ፣ ተመራቂዎቹ ወደፊት ሊማሩ የሚፈልጉትን የሚሞሉበት ወረቀት አደሉ። አብይ የእሷን ነጥቆ "ሕፃናት ሕክምና" ብሎ ሞላላት፤ ያለቀ ነገር ነበርና። ፀደንያ ሰርዛ ፓቶሎጂ ብላ ጻፈች።

"ምን ነካሽ?" አላት። "ስታወሪ የምትውዪ ልጅ፣ ቁራጭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ስታዪ ልትኖሪ?"

"እዚያ የሚጠይቀኝ የለም።"

አብይ ሊቀልድ ጀምሮ ተወው።

በ2017 ዓ.ም. ፓቶሎጂ ገባች። አማረን ዳግም አላየችውም።