የወንድይፍራው የብረት እጅ

ወንድይፍራው ቀኝ እጁን ያጣው ኦጋዴን ጦርነት ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ ከመጣ በኋላ የብረት እጅ ተገጠመለት፤ ግን ስለሚያፍርበት ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር የደንበኞችን መኪና ፓርክ የማድረግ ሥራውን ሲሠራ እንኳ በኮቱ እጅጌ ይሸፍነዋል።

በ1986 አንድ የፊልም ዳይሬክተር የመኪናውን ቁልፍ ሲያቀብለው ብረቱን አየበት።

«ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ማሽን የሆነ ወታደር እየፈለግኩ ነበር። ትሠራልኛለህ?» አለው።

ወንድይፍራው አመነታ። ሚስቱ ቦሰና ስትሰማ ግን «ሶ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና አክት አድርግ እንጂ!» አለችው።

ፊልሙ የወጣ ቀን ፌርፋክስ ሰፈር ያለው ሐበሻ ሁሉ ሲኒማ ቤቱን ሞላው። ስክሪኑ ላይ ወንድይፍራው በብረት እጁ በር ገንጥሎ ሲገባ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከወንድይፍራውና ከቦሰና ኋላ የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ ግን «እጁ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ አጉረመረመ።

ቦሰና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወንድይፍራው ዞር ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና «ኦኬ፣ እስቲ ጨብጠው» አለው። ሰውየው ጨበጠው፤ አፉን ከፍቶ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ወንድይፍራውን አየ።

ሲወጡ በር ላይ ጠብቆ ፊርማ ጠየቀው። ወንድይፍራው እየሳቀ በግራው ፈረመለት፤ ቀኙን ቦሰና አጥብቃ ይዛዋለች።