አረቄ የሌለው ለቅሶ

የወንድሜን ጓደኛ ሩፐስን ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፌው ኖሬያለሁ። ወንድሜ ኦስቦርን ሲሞት ግን ለቅሶ ነውና ግቢዬ ገብቶ፣ ዳሱ ሥር ተቀምጦ የዶሚኖ ጠጠሩን ጠረጴዛ ላይ ሲያንጓጓ ዝም አልኩት። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ንጹሑን ሳህን መልሼ አጥባለሁ።

"ኪንግስተን የግል ሆስፒታል ከፍላችሁ ብታሳክሙት ይተርፍ ነበር" አለች የአጎቴ ልጅ ሎርና፣ ያንሾካሾከች መስሏት። "የመንግሥት ሕክምና ወረፋ ሲያስጠብቅ ሞት ይቀድማል።"

"በምን ከፍለን? ቤቱን ሸጠን? ዳቦ በገዛሁ ቁጥር ግብር እከፍላለሁ። ልጆቼን ሁሉ እዚያው ስወልድ ሳንቲም አልጠየቁኝም።"

"ታዲያ ምን ያንገበግብሻል?"

የሚያንገበግበኝማ የዛሬ ሦስት ዓመት የሆነው ያ ቀን ነው። ኦስቦርን የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ቀን ስንት ጊዜ ተላልፎ ደረሰ። ለዚህ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ ደም መስጠት አለበት። ሩፐስ ዓሣ አጥማጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣ። መርፌ ፈርተው ኖሮ፣ ለድፍረት ብለው መንገድ ላይ አረቄ ቤት ገብተዋል። ነርሷ ትንፋሻቸው ሲሸታት ሁሉንም መለሰቻቸው።

ኦስቦርን አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። "የእነሱን ደም ብወስድ ሰክሬ ነበር የምነቃው" አለኝ።

ቀኑ አለፈ። ከዚያ መሣሪያው ተበላሸ። ሐኪሙም ደመወዝ ወደሚሻልበት ወደ እንግሊዝ ሄደ። ወንድሜ ሲጠብቅ ሞተ።

የለቅሶው መጨረሻ ምሽት አረቄውን በሙሉ ጓዳ ቆለፍኩበት።

"እትዬ ኢነዝ፣ ያለ አረቄ ሽኝት አለ እንዴ? ነፍሱ ተቀይማ ትመለሳለች እኮ" አለ ሩፐስ።

"ትመለስ፣ እኔ አነጋግራታለሁ። አንተ የፍየል ሾርባህን ጠጥተህ ተኛ። ጠዋት ሚኒባስ ይመጣል።"

"ወዴት ሊወስደን?"

"ደም ልትሰጡ።"

ጨዋታው ቆመ። ሩፐስ በእጁ የያዘውን ጠጠር አስቀመጠ። "አሁን ለማን ብለን?" አለ ቀስ ብሎ።

ጠዋት እየተነጫነጩ ተሳፈሩ። ሎርናም ዘመናይ ጫማዋን አድርጋ መሃላቸው ገባች። ሆስፒታል ስንደርስ ሁሉም ወደኋላ አሉ፤ እኔ ቀድሜ ገባሁ።

"የታማሚው ስም ማን ነው?" አለችኝ ነርሷ።

የኦስቦርንን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"ተራው ለደረሰ ሰው ስጪልኝ" አልኳትና እጅጌዬን ጠቀለልኩ።